ዓርብ ዓርብ የሚወለወለው ፋኖስ

ኩምዴርወን፣ ደቡብ ዌልስ
ማርች 3 ቀን 1987

አይቼህ ለማላውቀው፣ ደሜ ግን ለሆንከው ለላይል ፕሮበርት፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ፣ እዚያ ሰማይ ስር የሚያበሳጫችሁ ፀሐይስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ወደ ጸሎት ቤት ስወጣ እንጂ ወደ ገበያ ስወርድ አይደለም፤ ሰባኪያችን ይህን ከሰማ ስብከት ይሠራበታል።

አድራሻህን ያገኘሁት አባትህ ያረፈ ጊዜ ከላካችሁልን የኀዘን ካርድ ጀርባ ላይ ነው። ጌታ ነፍሱን በቀኙ ያኑርልን። እኔ ኬንወን እባላለሁ። አባቴ ኤምሪስ የአያትህ የጌቲን ታላቅ ወንድም ነበር። አክስቴ ብትለኝ ደስ ይለኛል። «ክብርት ወይዘሮ» ካልከኝ ግን ደብዳቤህን በመጣበት እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የከሰል ጉድጓዳችን ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በአሮጌው በር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም ነው። በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው በ1924 ኖቬምበር 14 ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመውን የሚፈነዳ ጋዝ ቀድሞ ያገኘው ሰው ስም ነው። ያ ሰው ባይኖር ሃያ ሦስት ቆፋሪዎች እዚያው ይቀሩ ነበር፤ ሁሉም ከወጡ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው ውስጡ የፈነዳው። ጋዙን ያገኘው አባቴ ነው። በፋኖስ ነበልባል እያየ የሚፈትሸው የፈረቃው ጋዝ ፈታሽ እሱ ነበር። በቤታችን ይህን የማያውቅ ድመት እንኳን የለም።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ የኩባንያው የምርመራ ሪፖርት የሰው ስም የሚባል ነገር አይጠራም። «ጋዙ የተገኘው በ304 ቁጥር ፋኖስ ነው» ብሎ ዝም። 304ን ማን እንደያዘው የሚናገረው የፋኖስ ክፍሉ መዝገብ ደግሞ የዚያ ሳምንት ገጾቹ የሉም። ጎርፍ በላው ይላሉ። በዚህ መሐል ዶርካስ ቦወን ብድግ አለች። ዶርካስ ሁለት ቤት አልፋ ያለች ጎረቤቴ ናት፤ ከ1951 ጀምሮ በጸሎት ቤቱ የኬክ ውድድር ተፋጠን የምንኖር ነን። «ሃያ ሦስቱን መርቶ ያወጣው የኔ አባት ነው፤ ጋዙንም እሱ ነው ያገኘው» ትላለች።

የመታሰቢያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረተኛው መምህር ሴልዊን ነው። የአባቴን ፋኖስ ከምድጃው መደርደሪያ አውርጄ ሰጠሁት። ገለባበጠው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ቁጥር የለውም። እንዴት ይኖረዋል? እናቴ ዓርብ ዓርብ በነሐስ ማጽጃ ወለወለችው፤ ከእሷ በኋላ እኔ። ስልሳ ዓመት። እንደምታውቀው እዚህ አገር ነሐሱ የማያበራ ቤት ውስጥ ያለች ሴት ባሏ የሞተባት ሳይሆን ጨዋነቷ የሞተባት ናት። ሴልዊን ፋኖሱን መለሰልኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ለቱሪስት ተብሎ የሚሠራም አለ እኮ፣ ኬንወን።»

ይኸውልህ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ የአባቴ ፋኖስ የመታሰቢያ ዕቃ ሆነ።

አያትህ የአባቴን ቁጥር የጠቀሰበት ደብዳቤ፣ ወረቀት፣ ቁራጭም ቢሆን ካለ ፈልግልኝ። ድንጋይ ጠራቢው ሥራ የሚጀምረው ኦክቶበር 12 ቀን ነው። ስልክ አትደውል፤ የሚቀርበኝ ስልክ ዶርካስ ቤት ነው።

ጌታ ከቤትህ አይለይ።
አክስትህ ኬንወን

—

ካራዎንግ፣ ሀንተር ሸለቆ፣ አውስትራሊያ
ኤፕሪል 2 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ ኬንወን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ፀሐይዋም ደህና ናት። ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ለጆሊን ሳነብላት፣ «ይቺን ሴት ሳንተዋወቅ እንዴት ኖርን?» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ስጮህ «ለኬንወን እጽፍልሃለሁ» ማለት ጀምራለች።

አክስቴ፣ አያቴ ወረቀት የሚባል ነገር አልተወም። እጁ ከአካፋ በቀር የሚጨብጠው ነገር አልነበረም። ሲናገርም ቆጥቦ ነው። ግን አንድ ነገር ያስደስትዎት እንደሆን፣ እኔም ጋዝ ፈታሽ ነኝ። በሥራው ላይ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አሁን ቁጥር የሚያወጣ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሰጥተውናል፤ ጎበዝ ነው፣ አልነቅፈውም። ሆኖም ፋኖሱን ደረቴ ላይ ሳልሰቅል አልወርድም። መሣሪያው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግረኝ። ፋኖሱ ግን ጋዝ ሲኖር ነበልባሉ ላይ ሰማያዊ ቆብ ይደፋል፣ አየሩ ሲያንስ ደግሞ ይደክምና ይጠፋል። እንደ ጥሩ ሚስት ነው፤ ሲናገርም ሲያኮርፍም ትርጉም አለው። (ይህን ጆሊን አላየችውም።)

የአያቴም ፋኖስ አለ። ጓሮ ባለው የዕቃ ቤት፣ በቀለም ቆርቆሮዎች መሐል። እኛ ዘንድ የሚወለውለው ስላልነበረ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አያቴ በሕይወት ሳለ በዓመት አንድ ቀን ነበር የሚያበራው፤ ቀኑ ኖቬምበር ውስጥ ነበር። ወደ ሥራ ወስዶ ዘይት ያስሞላውና ማታ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ታችኛውን የዘይት ቋት በመዳፉ እያሻሸ፣ «ኤምሪስ፣ ዘይትህ እኔ ጋ ነው» ይላል። አያት ናቸው፣ ይቃዣሉ ብለን እናልፈው ነበር። ከእሱ የቀረን ሌላው ነገር አንዲት የነሐስ ክብ ናት፤ እሷንም ከውሻ ወደ ውሻ ስናወርሳት አሁን አምስተኛው ውሻችን አንገት ላይ ደርሳለች። የማዘጋጃ ቤት የውሻ ቁጥር ናት መሰለኝ።

ሪፖርቱን ገልብጠው ሊልኩልኝ ይችላሉ? በሙያዬም ቢሆን ማየት እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ላይል

—

ኩምዴርወን
ኤፕሪል 29 ቀን 1987

ለውድ ልጄ ለላይል፤

ሰላምህ ይብዛ። ጆሊንን ሳምልኝ፤ ምስጢርህን ግን በሚቀጥለው አወጣብሃለሁ።

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፋኖስ ገጽ ተኩል ጽፈሃል፤ ስለ ቀለም ቆርቆሮ ጽፈሃል፤ ስለ ውሻም ጽፈሃል። የዕቃ ቤቱ ፋኖስ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ግን አልጻፍክም። እኔ አርባ ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ያልጻፈውን ማንበብ ሥራዬ ነበር። ሆኖም አልጨቀጭቅህም።

ሪፖርቱን ሴልዊን ገልብጦልኛል፤ እነሆ። ሁለት ነገር ነው የሚለው። ጋዙን ያሳየው 304 መሆኑን፣ ሌላው የ304 የሽቦ ወንፊት በአንድ ጎኑ በእሳት መጠቆሩን። አባቴ በዚያች ደቂቃ ነበልባሉ ውስጡ ሲሞላ ፋኖሱን አልጣለውም፣ አልነፋበትም፤ ቀስ አድርጎ አወረደና ኮቱ ስር አፈነው። እጄ ሳይንቀጠቀጥ ይል ነበር። ይህን ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ከዚያማ ሻይ ጠጣን» ይለኛል።

ዶርካስ ትናንት በሥጋ ቤቱ ሰልፍ ላይ ጮክ ብላ፣ «አንዳንዱ ሰው ከታሪክ ይልቅ ነሐስ ያበዛል» አለች። እኔም ለሥጋ ሻጩ፣ «ለወይዘሮ ቦወን ምላስ ጨምርላት፣ የራሷ አልቋል» አልኩት።

እንግዲህ ቁጥሩን በጊዜህ ጻፍልኝ።
አክስትህ ኬንወን

—

ካራዎንግ
ጁላይ 20 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህን ያህል መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብዬ ጽፌ ቀደድኩት፤ በፖስታ ቤት መስኮት አያልፍም።

ቁጥሩን ያወቅኩት የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የደረሰ ዕለት ነው። ወዲያው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄጄ የታችኛውን ቋት በጨርቅ ጠረግሁት። ጥርት ብሎ ይነበባል። 304 ይላል።

በየሳምንቱ እስክሪብቶ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አባትዎን ልቀማዎት አልፈልግም። ዝም ብዬ ልተወው አልኩ። ግን ደግሞ በሙያዬ ያየሁትን ቆብ አላየሁም ማለት አልችልም፤ እንዲያ ያለ ፈታሽ ሰው ያስፈጃል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የላኩልኝ ግልባጭ ታችኛው ክፍሉ በመቀስ ተቆርጧል። እዚያ ምን ነበር?

አክባሪዎ ላይል

—

ኩምዴርወን
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987

ለላይል፤

ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሰባት ሳምንት ያልጻፍኩልህ ስለተቀየምኩ አይደለም። መጀመሪያ ለራሴ መንገር ነበረብኝ፤ እሱ ጊዜ ወሰደ።

ባለፈው ማክሰኞ ባርኔጣዬን አድርጌ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። «304 የአባቴ አይደለም፤ አውስትራሊያ ነው ያለው፤ የአጎቴ የጌቲን ነው። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ስም የእሱ መሆን አለበት» አልኩ።  ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ማንኪያዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ዶርካስ ተነሳች። ክፉ ለመሆን ብላ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ኬንወን፣ ጌቲን እኮ ሮጧል። አገር የሚያውቀው ነው። የሮጠን ሰው ስም እንዴት ድንጋይ ላይ እንጽፋለን?»

እውነቷን ነው። በመቀስ የቆረጥኩብህ ይህን ነው። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የሚባል ነው። አጎቴ በ1927 አገር ጥሎ የሄደውም በዚሁ ወሬ ነው ይላሉ። ቁራጩን እነሆ ልኬልሃለሁ፦ «117 ቁጥር ፋኖስ ጠፍቶ ከ304 አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ተገኝቷል። የያዘው ሰው ሮጦ ሄዷል።» አንተ የልጅ ልጁ ነህ፤ ከኔ እጅ እንዲደርስህ አልፈለግሁም ነበር። ግን 304 የእሱ ከሆነ 117 የማን ነው? የአባቴ? አባቴ ሮጠ ማለት ነው? ይህን ሳስብ ነው ሰባቱ ሳምንት ያለቀው።

ኮሚቴው ሌላ ማስረጃ ካልመጣ የቦወንን ስም ለድንጋይ ጠራቢው ሊሰጥ ወስኗል። ይጻፍ። እኔ የማላምንበትን ፋኖስ ይዤ ከሰው ፊት አልቆምም።

ፋኖሱን ግን ዓርብ ዓርብ መወልወል አልተውኩም። እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ኬንወን

—

ካራዎንግ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1987
በአስቸኳይ

አክስቴ፤

ሰላምታው ይቆየኝና በመጀመሪያ ወንበር ላይ ይቀመጡ።

117 የውሻችን ቁጥር ነው።

ደብዳቤዎን ቁርስ ላይ እያነበብኩ ውሻው እግሬ ስር ተኝቷል። 117 የሚለውን ሳነብ ጎንበስ ብዬ አንገቱን ያዝኩ። የማዘጋጃ ቤት አይደለችም። አንድ ቆፋሪ ፋኖሱን ሲወስድ ከፋኖስ ክፍሉ የሚቀበላት የነሐስ ምልክት ናት፤ በአንድ ጎኗ «ኩምዴርወን» ይላል። አያቴ 117 ነበር! እኔ ደግሞ ስሜ ጋዝ ፈታሽ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የማየውን የውሻ አንገት ያልፈተሽኩ።

ታዲያ የ304 ቋት እሱ ጋ ምን ይሠራል? ፋኖሱን ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። ይህ ዓይነት ፋኖስ በኃይለኛ ማግኔት ካልሆነ አይከፈትም፤ ድሮ ቆፋሪው ከመሬት በታች ከፍቶ ፒፓውን እንዳያቀጣጥልበት ነው። አያቴ ከሞተ በኋላ የከፈተው የለም። ማግኔቱ ላይ ሳስቀምጠው ቀጭ አለ። ቋቱን ፈታሁት። ከመስተዋቱ በላይ፣ ቋቱ ሲወጣ ብቻ የሚታይ ቀለበት አለ፤ ቁጥሩ እዚያም ይመታል። 117 ይላል። አክስቴ፣ የኔ ፋኖስ ታቹ 304 ነው፣ ላዩ ግን 117 ነው። የሁለት ሰው ፋኖስ ነው!

«ኤምሪስ፣ ዘይትህ እኔ ጋ ነው» ሲል አልቃዠም ማለት ነው። የወንድሙን ቋት ይዞ ነበር የሚናገረው። እንግዲህ የርስዎንም ፋኖስ ይክፈቱት። ስልሳ ዓመት የወለወላችሁት ውጪውን ነው፤ ውስጡን ማንም አልነካውም።

ሌላው፣ ስለ መሮጥ። ሴልዊንም ዶርካስም ከመሬት በታች አልሠሩም፤ ለነሱ ፋኖሱን ጥሎ የሮጠ ፈሪ ነው። ለማንኛውም ጋዝ ፈታሽ ያሳዩት ይህን ቁራጭ። ጋዝ ባለበት ፋኖስ ይዞ የሚሮጥ የለም! ስንሮጥ የሚመታው ነፋስ ነበልባሉን በወንፊቱ አሳልፎ ያስወጣዋል። ለማምለጥ የፈለገ ሰው መብራቱን ይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ጨለማ ውስጥ ያለ መብራት መውጫ አይገኝም። ፋኖሱን አጥፍቶ፣ መሬት ላይ በሥርዓት አስቀምጦ፣ በእጁ ግድግዳ እየዳበሰ የሮጠ ሰው ወደ ውስጥ ነው የሮጠው።

ወደ ሰዎቹ ነው የሮጠው አክስቴ።

አሁን ሰላምታ፦ ጤናዎን ይስጥልኝ። ማግኔት ይፈልጉ።
ላይል

—

ኩምዴርወን
ኦክቶበር 6 ቀን 1987

ለልጄ ለላይል፣ ለጆሊን፣ ለውሻውም ጭምር፤

ሰላምና በረከት በቤታችሁ ይሁን። ይህን የምጽፈው እጄ ላይ ያለው ዝገት ሳይታጠብ ነው። ጆሊን ታምነኝ ዘንድ ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣቴን አሻራ ተመልከቱ።

ማግኔቱ የት ተገኘ መሰለህ? ጉድጓዱ ሲዘጋ የፋኖስ ክፍሉን ዕቃ የገዛው ብረታ ብረት ነጋዴው ሂው ግቢ ውስጥ፣ ከነጠረጴዛው፣ በተሰበረ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና በሁለት መታጠቢያ ገንዳ መሐል። ሊያቀልጠው ገዢ እየጠበቀ ነበር። ሴልዊንን ይዤ ሄድኩ። ዶርካስን አልጠራኋትም፤ እንደምታውቃት አልጠራኋትም ማለት ቀድማ ደርሳለች ማለት ነው።

ሂው ፋኖሱን ማግኔቱ ላይ አቆመው። ምንም የለም። ትንሽ አዞረው። ምንም የለም። ዶርካስ አሳለችና፣ «ለቱሪስት የሚሠራው ማግኔት አይወድም ይሆናል» አለች። ወዲያው ቀጭ አለ።

ዝገቱ ግን አልለቀቀም። ሂው በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ዶሮ አንገት ጠመዘዘው፤ ቋቱ ወጣ። ሴልዊን ቀለበቱን በባትሪ መብራት አየና መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ሦስት» አለ። «ዜሮ» አለ። «አራት።»

«እንደገና አንብብ» አለች ዶርካስ።

እንደገና አነበበ። ከዚያ ወንፊቱን ወደ ብርሃን አነሳው። በአንድ ጎኑ ጥቁርና ሰማያዊ፣ ልክ ሪፖርቱ እንዳለው። የአባቴ ኮት ስር ያደረ እሳት፣ ስልሳ ሦስት ዓመት እዚያው ተቀምጧል። አላለቀስኩም። ሂው እንዳለቀስኩ ይናገራል፤ ሂው ውሸታም ነው።

ከዚያ ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ ስለ መሮጥ የጻፍከውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሂው ራሱ አሥራ ሁለት ዓመት ቆፋሪ ነበር፤ «ትክክል ነው፤ ፋኖስ ይዞ የሚሮጥ እብድ ነው» አለ። ዶርካስ ግን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ተለወጠብኝ፤ ውኃ ላምጣልሽ ልላት ስል ተናገረች።

«መልአኩ» አለች።

«የምን መልአክ?»

«እናቴ በሰንበት ትምህርት ቤት የምትነግረን። አባቴንና ሌሎቹን በጨለማ መጥቶ ያወጣቸው መልአክ። ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት፤ መጀመሪያ ፋኖሳችሁን አጥፉ ብሎ ነው የጮኸው። አጠፉ። ከዚያ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ወጡ። አባቴ ከፊት ነበር፤ ማን እንደጠራቸው ግን አላየም።» ቀጥላም፣ «አባቴ ሲስቅ፣ መልአክ ከሆነስ ‹ውጡ እናንተ የውሻ ልጆች› ብሎ ባልተሳደበ ነበር ይል ነበር። እናቴ ያቺን ትዘላታለች።»

ላይል፣ አያትህ ተሳዳቢ ነበር? ካልሆነ ታሪኩ ሊበላሽ ነው።

ሴልዊን ያኔ አንድ ነገር አስታወሰን። በዚያ ዘመን ፋኖሱን ጥሎ የሄደ ቆፋሪ ሕግ ጥሷል፤ ከሥራ ይባረራል፣ ይከሰሳል። አባቴ «ጋዙን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ቢል፣ «አጠገብህ የነበረው 117ስ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ «ከዚያማ ሻይ ጠጣን።» ወንድሙ ደግሞ ፈሪ መባልን ተሸክሞ ባሕር ተሻገረ። የመዝገቡም ነገር ገባኝ። የፋኖስ ክፍሉ ኃላፊ በመዘምራኑ ውስጥ ከሁለቱ ጎን የሚቆም ነበር። ጎርፍ እኮ ገጽ እየመረጠ አይበላም።

ቋቶቹን መቼ እንደተለዋወጡም ሂው ነገረን፤ በ1927 ኤሌክትሪክ ሲገባ የዘይት ፋኖሶቹን ለየያዣቸው ነው የሸጡት። ያን ቀን ብቻ ነው ሁሉም ተከፍተው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ እንደተቀያየሩ ይታየኛል። የኛ ሰዎች ሳይነጋገሩ ነው የሚነጋገሩት።

ዶርካስ ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «ድንጋይ ጠራቢው ጋ እኔ እሄዳለሁ» አለች። ጉልበቴን አስባ ነው መሰለኝ።

አክስትህ ኬንወን

—

ካራዎንግ
ኦክቶበር 19 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስቴ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አዎ፣ ተሳዳቢ ነበር። በቤታችን የቀረ የዌልስ ቋንቋ ሁሉ ስድብ ነው፤ አሁን ግን በኩራት እንጠቀምበታለን።

መምህር ሴልዊን የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። 304 ሙሉ ሆኖ እንዲበራ ቋቱን እንድልክ ጠይቀዋል። ጠቅልዬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ባለቤቱ የርስዎ አባት ስለሆነ ቃልዎን ነው የምጠብቀው። ላክ ካሉኝ በማግስቱ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር ስጠቀልለው እጄ ትንሽ ከበደኝ። ውሻውም ምልክቷን ስላወለቅሁበት ያኮረፈ ይመስለኛል።

የርስዎ ላይል

—

ኩምዴርወን
ኖቬምበር 15 ቀን 1987

ለልጄ ለላይል፤

ሰላም ለቤትህ። ቋቱን እንዳትልክ ብዬ ቴሌግራም በላክሁልህ ጊዜ ሴልዊን ሦስት ቀን አኩርፎኝ ነበር። «ለታሪክ ሲባል መገጣጠም አለበት» ይላል። እኔም፣ «ታሪኩ እኮ አልተበታተነም፤ ሁለት ሰዎች አስበው በገዛ እጃቸው እንዲህ ነው ያደረጉት። ከነሱ በላይ የምናውቀው ማን ሆነን ነው?» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። መምህር ሲረታ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል!

ትናንት ድንጋዩ ተገለጠ። ዝናብ ነበር፤ መዘምራኑ ከዝናቡ በልጠው ዘመሩ። ድንጋዩ እንዲህ ይላል፦ «ኤምሪስ ፕሮበርት ጋዙን አገኘ። ጌቲን ፕሮበርት ያለ መብራት ሄዶ ጠራ። ሃርዲንግ ቦወን መርቶ አወጣ። ሃያ ሦስት ሰዎች ቤታቸው ገቡ።» ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ ያስጨመርኳት። ዶርካስ ይህን ስታውቅ የኬክ አሠራሯን ሰጠችኝ። ምስጢሩ ለካ ቀዝቃዛ ሻይ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት!

ሂው ፋኖሱን አዲስ ክር አስገባለትና ዘይት ሞላው። ነበልባሉን ዝቅ አድርጌ፣ ፋኖሱን ቀስ ብዬ ከፍ አደረግሁት፤ እንደ አባቴ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ። ሰማያዊ ቆብ የለም፤ አየሩ ንጹሕ ነው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ቋቱን በመዳፌ ይዤ፣ «ጌቲን፣ ዘይትህ እኛ ጋ ነው» አልኩ። በዚህ መንደር ስሙ በአደባባይ በክብር ሲጠራ ከ1927 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የነበረው የአባቴን ቁጥር በገዛ እጄ አጠፋሁ የሚለው ነበር። ለካ የአባቴ ውስጥ ተቀምጧል። እኔና እናቴ ዓርብ ዓርብ እየወለወልን ያጠፋነው የአያትህን ነው። አገሩ በወሬ ያጠፋውን እኛ ደግሞ በነሐስ ማጽጃ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቋቱን ለሂው ወሰድኩለት። በቦታው 117 ብሎ መታልኝ። አንዷ ቁጥር ትንሽ ጠማማ ናት፤ ሂው ዓይኑ ደክሟል።

ምልክቷን ለውሻው መልስለት። አምስት ውሻ አክብሮ የያዛትን እኛ ማን ነን የምንነጥቀው?

የሚመጣው ዓመት ኖቬምበር 14 ያንተን አብራ፣ እኔም የኔን አበራለሁ። ዘይት እንዳትረሳ። ዓርብ ዓርብ መወልወሌን እቀጥላለሁ፤ ያቺን ጠማማ ቦታ ብቻ እዘላለሁ።

አክስትህ ኬንወን